እርጥብ ሱፍ

የማኅበሩ ሚዛን እጄ ላይ አረጀ፤
ሠላሳ ሁለት ዓመት የመንዝን ሱፍ ፈጀ።
መሐል ሜዳ ገበያ ባለሱፉ ይስቃል፤
እርጥብ ሱፍ ሲቀርብ ጣቴ ቀድሞ ያውቃል።
ማታ ጤዛ ላይ ዘርግተው ያሳድሩታል፣
ሊነጋጋ ሲል ጠቅልለው ያመጡታል፤
ኪሎው ከፍ ይላል፣ መርፌውም ይሰግዳል፣
ፀሐይ የወጣ ለት ግማሹ ይሄዳል።

ለዚህ ይሆን እንጃ፣ ፓርቲው ባለፈው ወር
«ና ድምፅ ቁጠርልን» ብሎኝ የነበር።
አንድ ዕጩ ሊለይ ነው ለፕሬዝዳንትነት፤
ሦስት መኪና ደረሰ፣ በጭጋግ፣ በጠዋት።
አርባ አንድ መራጭ ባናውን ደርቦ
አግዳሚው ላይ አለ፣ ትከሻ ተጣቦ።
የድምፁ ሣጥን የብስኩት ካርቶን ነው፤
አፉን በቢላ የቀደድሁት እኔው ነኝ።

አጥናፍሰገድ ተነሣ፣ ዶክተሩ፣ ረጅሙ፤
ገና ሳይናገር ተጨበጨበ ለስሙ።
«ከጣርማ በር ጓሳ አስፋልት እዘረጋለሁ፣
በየቀበሌው ሐኪም፣ በየቤቱ መብራት አስገባለሁ!»
አግዳሚው ተናወጠ።
እኔ ጣቶቼን አሸሁ።
ያ ቅዝቃዜ፣
ያ ውኃ።

ቀጠለ ጥላዬ፣ ነጋዴው፣ ያገሬው ሰው፤
አያቱን ጠራና ቅድመ አያት ጨመረው።
«የናንተው ነኝ» አለ፣ «ከዚሁ አፈር የወጣሁ፤
ዶክተሩ መንገዱን በካርታ ነው ያየው፣
እኔ በእግሬ ነው የመጣሁ።»
(መኪናው ውጭ ቆሟል፤ ሞተሩም አልጠፋም።)
ሽማግሎች አለቀሱ። እርጥብ ነው ያኛውም።

እንግዳወርቅ መጨረሻ። ደብተር ገልጣ አነበበች፦
«ገንዘቡ ይህን ያህል ነው። ሁለት መንገድ አይሠራም፣
አንዱን ይሠራል። የትኛውን እንደሆነ እናንተ ንገሩኝ።
ስለ ሌላው አልዋሻችሁም።»
ደብተሯን አጠፈችና፦ «ሱፍ ዘንድሮ ስንት ገባ?»
ማንም አልመለሰም።
ዋጋውን እያወቅሁ፣ እስከ ሳንቲሙ እያወቅሁ፣
ቆጣሪ አይናገርም ብዬ እኔም ዝም አልሁ።
ደረቅ ነበር ቃሏ፤ ሲያነሡትም ቀላል፣
ፀሐይ ቢወጣበት ያንኑ ያህል ይገኛል።

እኔም መራጭ ነኝ። አርባ አንደኛው።
ወረቀቴን ይዤ ጥግ ሄድሁ፣ ብዕሩን አነሣሁ፣
ስሟን ልጽፍ ስል አሰብሁ፦
ብዙ ድምፅ ጫካ ነው፤ ገብተውት ይጠፋሉ፤
ሁለትና ሦስቱ ግን በስም ይጠራሉ።
የወንድሜ ልጅ የጥላዬ ሹፌር ነው፣
ጎረቤቴ ለዶክተሩ ምሎ ነው የመጣው፤
የእጄን ጽሕፈት ደግሞ ሱፍ የሸጠልኝ ሁሉ
በደረሰኝ ያውቀዋል።
አጠፍሁት። ባዶውን።
ከተትሁት።

መብራቱ ስለ ሄደ በፋኖስ ቆጠርን።
ዶክተሩ አሥራ ዘጠኝ። ጥላዬ አሥራ ዘጠኝ።
እሷ ሁለት።
አንዲት ባዶ።

ሁለቱ ወንዶች ባዶዋን ተሻሙ፣
ወደ ፋኖሱ አስጠግተው አገላበጧት።
«ይህች ጭረት» አለ ዶክተሩ፣ «የ‹አ› አናት ናት፣ በግልጽ ትታያለች።»
«የለም፣ የ‹ጥ› እግር ናት» አለ ነጋዴው።
ከባናዬ የረገፈች የሱፍ ክር ነበረች።
እፍ አልኋት፤ ሄደች።
እንግዳወርቅ ወረቀቷን አላየችም፣
እኔን አየችኝ።

ሦስት ብትሆን ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?
ምንም። ሁለቱ ያው እኩል ነበሩ።
ሌሊት ግን ይህን ስሌት ለራሴ ስነግረው
ትራሴ አይቀበለኝም።

ደብረ ብርሃን ላይ ዳግም ይመረጣል ተባለ።
መኪኖቹ ተከታትለው ጭጋጉ ውስጥ ገቡ።
የሷ መጨረሻ ወጣች፤ መታጠፊያው ላይ
ማርሹ ሲቀየር ሰማሁት።
ያኔ ነው፣ ብቻዬን፣ የካርቶኑን አፍ ይዤ፣
ለጭጋጉ ዋጋውን የነገርሁት፤
የነጩን፣ የጥቁሩን፣
የታጠበውን፣ ያልታጠበውን፣
እስከ ሳንቲሙ።