አላይም ይላል

ቧንቧ ውሃ መውረጃ፣ ከፋርማሲው በታች፣
አንድ ክንድ ተኩል ሱቅ፣ በቆርቆሮ የቆመች።
የጦሳ ጉም ወርዶ ደጁን በደፈነው ለት
አንድ ሰውዬ ገባ፣ ዝናብ ካፖርቱን ያራሰበት፤
ከብብቱ አወጣና፣ በፎጣ ጠቅልሎ፣
አስቀመጠው ጠረጴዛዬ ላይ፣ ቀስ ብሎ።
«ኸመርሳ ነው የመጣሁ፤ ስሜ ይማም ይባላል፤
ይኸ ላፕቶፕ አላይም ይላል።»

«ምኑን?» አልኩት።
                «ዋይፋዩን።
ሁሉም ሲያየው እሱ ብቻ አያይ።
ትምህርት ቤቱ አለ፣ ሆቴሉ አለ፣ ክሊኒኩ አለ በላይ በላይ፤
ይኸ ግን ባዶ ነው፤ አንድ ስም እንኳ የለም እላዩ ላይ።»

እውነቱን ነው።
የኔ ስልክ ከዚያው ወንበር ዘጠኝ ስም ቆጥሯል፤
የሱ ስክሪን ግን
«ምንም አልተገኘም» ብሎ ጸጥ ብሏል።

መጀመሪያ፣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣
አጥፍቼ አበራሁት፤ እንዲያው ለወጉ ነው።
ከጎኑ ጥፍር የምታህል ማብሪያ አለች፤ ገፋኋት፤
አውሮፕላን የተሳለባትን ቁልፍ ተጫንኳት፣ መለስኳት።
የለም።
«ድራይቨሩ ይሆናል» አልኩ፤ «አንዳንዴ ይጠፋል።»
«ሹፌሩ?» አለና ሳቀ፤ «ታዲያ ምን ይገርማል፣
በኛ መስመር
ሹፌር ሻይ ሊል ሲወርድ ረዳቱ ይነዳል።»
ሹፌሩን ሻርኩት፣ አዲስ ሾምኩ፤ ቢሆንም
ሰዓት ነጎደ እንጂ መንገድ አልታየውም።

እንግዲህ ሆዱን ማየት ነው።
አስራ አንድ ብሎን ፈታሁ፣ ከሻይ ሳህን ላይ ቆጥሬ፤
ክዳኑን ሳነሳው
ጠብ አለች አንዲት የማሽላ ፍሬ።

ቀና ብዬ አየሁት። ራሱን ነቀነቀ።
«ያን ጊዜ ነዋ፤ ማን ነው ያልደበቀ?
እኛም ኸማሽላው ጉድጓድ፣ በጆንያ አርገን፣
ሦስት ክንድ ታች አውርደን፣ አፈር አለበስን።
ስናወጣው በራ፤ ስንት ወር ከርሞ በራ፤
ዓይኑን ማጣቱን ያወቅሁ ኋላ ነው፣ ስሠራ።»

በብሩሽ ጠረግሁለት፤ ጥቁር አፈር፣ ገለባ፤
ካርዱ ደህና ነው፤ ሽቦው ግን አልገባ።
ሁለት ናቸው፣ ነጭና ጥቁር፤ ክር ያህል አይሞሉ፤
በማጠፊያው ሾልከው ከስክሪኑ ጀርባ ይውላሉ፤
ጆሮው እዚያ ነው፤
(ሰው ሁሉ ከቁልፎቹ ሥር ይመስለዋል፤)
ነጩ ወልቋል። ጥቁሩ በአንድ ጸጉር ተንጠልጥሏል።

ጫፏ ከሰሊጥ አትበልጥም። ትንፋሼን ያዝኩና
በጥፍሬ ጫን አልኳት፤ ጠቅ አለች። ሁለተኛዋም እንደገና።
«አብሽር» አልኩት፤
ብሎኑን ሳልመልስ አበራሁት።

ፋርማሲው መጣ፤ «ሰላም ካፌ» መጣ፤
«አትልፉ» የሚል ስም ከፎቁ ላይ ወጣ፤
«ጦይባ ቤት»፣ «ባለጋራዡ»፣ «ቁጥር አራት»...
ይማም በጣቱ እየተከተለ ስም ይጠራል፣ መምህር ነውና፣
«አለ፤ አለ፤ አለች» ይላል፣ ልክ እንደ ጠዋት።

«የቆዩትን ልጥረግልህ፤ ያጨናንቁታል» ብዬ
ሌላ ዝርዝር ከፈትኩ። አንድ ብቻ ነበር፦
«የአደም ስልክ»።
ከጎኑ፣ በትንሹ፣ «በአቅራቢያ የለም» ይላል፤
ከሥሩ አንድ ቁልፍ፦ «እርሳው»።

ጣቴ እላዩ ሳለ «ምን ይላል?» አለኝ።
ነገርኩት።
ስም መጥራቱን ተወ።
«ታናሼ ነው» አለ። «ኸሱ ስልክ ነበር ኢንተርኔት የምወስድ፤
ፈተና ላክ ሲሉኝ፣ ማታ፣ ስልኩን ሽቅብ ይዞ
ኸአጥሩ ላይ ቆሞ
‹ደረሰ? ደረሰ?› ይለኝ ነበር።»

«አሁንስ?» ልል ከንፈሬን ከፈትኩ፤
ጉሙን አየ። እኔም ቃሌን መለስኩ።

ዝርዝሩን ዘጋሁት። ምንም አልነካሁም።
ብሎኑን ስመልስ አስር ሆነብኝ፤ አንዷን አላገኘሁም።
«ትቅር» አለ፤ ከፈለ፤ መልስ አልተቀበለም፤
በፎጣው ጠቀለለ። ማሽላዋ ከሳህኑ ቀረች፤ አላስተዋላትም።

ሲወጣ ዝናቡ አባርቷል፤ ጉሙ ግን ያው ነው፤
ከመናኸሪያው በኩል ረዳት ይጣራል፣ ፊቱ የማይታይ ሰው፦
«መርሳ! መርሳ! አንድ ሰው የቀረው!
መርሳ፣ አንድ ሰው!»