ምን ትችላለህ?

ስሜ ምንይችል ነው፤ አባቴ ያወጣው፣
ጣና ከዳር አልፎ ደጃችንን ሲያጠጣው።
ሃያ ስድስት ዓመት በስሜ ሲቀለድ
ጆሮዬ ለመደው፣ ባጃጅ እንደሚለምድ
ከሽምብጥ ወዲህ ያለውን ጉድጓዳም መንገድ።

ዲግሪዬ የውሃ ነው፤ እንጀራዬ የጎማ፤
ሦስት ዓመት ዞርኩበት ይህንኑ ከተማ፣
ከዘንባባው ጥላ እስከ ዓሣ ገበያ፣
ከዓባይ ድልድይ እስከ መናኸሪያ።

ማክሰኞ አመሻሹ ላይ መልእክት ደረሰኝ፤
"ሐሙስ ሦስት ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ይቅረቡ።" ጉልበቴን በረደኝ።
የሚፈልጉት ሰው የሐይቁን ከፍታ
የሚመዘግብ ነው፣ በጠዋት በማታ።

ረቡዕ ቀን ሙሉ ሰው እየጫንኩኝ
"እንደ አለቃ ሆነው ይጠይቁኝ" አልኩኝ።
አንዱ የሕግ ተማሪ "ድክመትህስ?" ብሎ ሲያፋጥጠኝ
"ሥራ አብዝቼ መውደድ" አልኩት፤ አላመነኝ።
የሳሎን መጋረጃ በጭኗ ያነቀች
አንዲት ሴት "ዘመድ አለህ?" ብቻ ጠየቀች፤
"የለኝም" ስላት ከንፈሯን መጠጠች።

እትዬ አትጠገብ፣ ባልዲዋን በጉልበቷ መካከል ይዛ
(ሦስት ቆሮሶ፣ አንድ አምባዛ)
እስከ ገበያው በር ዝም ብላ ሰማችኝ፤
ልትወርድ ስትል ግን በእጇ አስቆመችኝ፦
"'ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ' ትላለህ፤ ማን አይልም?
እኔስ ዓሣዬን መቼ 'የትናንት ነው' ብዬ አውቃለሁ?
ገዢ ቃል አይሰማም፤ ጉንጩን ገልጦ ያያል፣
ቀይ ከሆነ ይከፍላል፣ ካልሆነ ይሄዳል።
ጉንጭህን ግለጥላቸው፣ ልጄ።
አንዲት ነገር ትበቃለች፤ ብቻ ያንተ ትሁን።"
ከታሪፉም ላይ አምስት ብር ቀነሰች፤
"ይህች የምክሬ ናት" ብላኝ ገሠገሠች።

ኮቱ የደሳለው ነው፣ ለሰርጉ ያሰፋው፤
ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ነው፣ ሁለት ዓመት ያንቀላፋው።
ሌሊቱን ቁጭ ብዬ የሸመደድኩትን ቀደድኩ፤
"ቡድን እመራለሁ"፣ "ጫና እቋቋማለሁ"፣ ሁሉን ወደ ቅርጫት ሰደድኩ።
አንዲት የራሴን ነገር እስኪነጋ ፈለግሁ፤
የማፍርባት ብቻ መጣች። እሷኑ ያዝኩ።

ሦስት ሰዎች። አንድ ጠረጴዛ። ያልተከፈተ የፕላስቲክ ውሃ።
መካከለኛው ሰው መነጽሩን ገፋና፣
ስሜን ከወረቀቱ አነበበና፣
ከንፈሩ ጫፍ ላይ ሳቅ መጣበትና፦
"ምንይችል... ታዲያ ምን ትችላለህ?"

ያው ቀልድ ነው። ያው። ዛሬ ግን ወንበር ይዟል።
ጆሮዬ አላፈረም፤ ልቤ ብቻ ዘሏል።

"አልቻልኩም ብዬ መጻፍ እችላለሁ" አልኩት።
ዝም አሉ። የአራተኛ ዓመቷን ጠዋት ተረኩት፦
ዝናቡን ፈርቼ፣ ምሰሶው ጋ ሳልሄድ፣
ከብርድ ልብስ ሥር ሆኜ ቁጥር ስገምድ፤
ማታ ወርጄ ሳየው፣ በአራት ጣት ስቻለሁ፤
መምህሩ አላወቀም። እኔ ግን አውቃለሁ።
ቁጥሬን ሰረዝኩና ከጎኑ በቀይ
"አልተለካም" ብዬ ጻፍኩ፣ ለሁሉ እንዲታይ።

በስተቀኝ ያለችው እስክሪብቶዋን አኖረች፤
"ምሰሶውን እምቦጭ ቢሸፍነውስ?" አለች።
"ጉንጩን ገልጬ አያለሁ" አልኩ ሳላስበው፤
ግራ ገባቸው። "በእጄ ነው" አልኩ፣ "እየገለጥኩ የማነበው።"
ሦስተኛው ስለ ሳተላይት ልኬት ጠየቀኝ፤
"አላውቀውም" አልኩት፤ ቃሉ አልጨነቀኝ።

"እንደውላለን" አሉ። ይህን ሁሉም ይላል።
ውጭው ፀሐይ ነው፤ ጣና ዝም ብሎ ይታያል፤
ከፍታው ስንት እንደሆነ ዛሬ ማን ያውቃል።

የደሳለውን ኮት አጥፌ አስቀመጥኩ፤
ከረሜላው ከወረቀቱ አልላቀቅ ቢል፣ ከነልብሱ ጎረስኩ።
ሞተር ሳስነሳ ፍራሽ የተሸከመች ሴት ጠራችኝ፤
"ግሽ ዓባይ ስንት ነው?" አለችኝ።
ወገቤን አቀናሁ፤ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩ፤
"እንደምን አደሩ፣ ስሜ ምንይችል ነው" አልኩ።

"ስምህን ማን ጠየቀህ?" አለች። "ንዳው!"