ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት

ከብሔራዊ ጀርባ አንዲት ሱቅ አለች፣
ቆርቆሮዋ ዝጎ ወደ ግራ ያዘመመች።
በሁለት ቀን የምሳ ብሬ የገዛሁት ከዚያ ነው፣
የእንግሊዝ ነገሥታት ታሪክ፣ ሽፋን የሌለው፣
ክሩ የላላ፣ ጠርዙን ብል የቀመሰው።
አቶ ልሳኑ ሲሸጥልኝ «ጎደሎ ነው» አላለኝም፤
እኔም ገልጬ አልቆጠርኩም።

መብራት ጠፍቶ ነበር። በሻማ ነው ያነበብኩት።
ሃሮልድ የሚሉት ንጉሥ ኮረብታ ላይ ቆሟል፣
ሰዎቹ በጋሻ አጥር አጥረውለት፤
ከሰሜን ጦርነት ተመልሰው፣ እግራቸው ገና እንዳበጠ፣
ሌላ ባላንጣ ከባሕር ማዶ በፈረስ መጣ፣ ምድሩ ተናወጠ።
ቀኑን ሙሉ ተዋጉ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣
የማዶው ቀስተኞች ወደ ላይ አነጣጠሩ፣
ደመና ለመግደል ይመስል፤
አንዲቷ ፍላጻ ከሁሉ ከፍ ብላ ወጣች፣
ወደ ንጉሡ ዓይን አፍንጫዋን አዞረች፣

ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት እዚህ ላይ አለቀ።
ከዚያ ወዲያ ክር ብቻ ነው፤ የቀረው የት ወደቀ?

ጠዋት ሄጄ ብጠይቀው፣ መነጽሩን እየጠረገ፣
«ዘርፌ ናት» አለኝ፣ «ጋዜጣ የጠፋ ጊዜ፣
ለቆሎዋ መጠቅለያ ስላስፈለገ።»
እንግዲህ የንጉሡ ሞት፣ ከሱፍና ከሽምብራ ጋር፣
በእፍኝ በእፍኝ ተሸጦ አልቋል፣ ከስታዲየም እስከ ለገሃር፤
አንድ ወያላ ሳያነበው ጨምድዶ ጥሎታል፣
አንዲት ተማሪ ጨው የነካው ጣቷን ጠርጋበታለች።

ስለዚህ አልሞተም።

ፍላጻዋን አየር ላይ ትቼ፣ ዕድሜ ሰጠሁት።
ባላንጣውን በጀልባ፣ ባሕር እያቅለሸለሸው፣ ወደ አገሩ መለስኩት።
የእኔ ሃሮልድ ሸመገለ። ጉልበቱን ቁርጥማት ያዘው።
ግብር ጨመረ፤ ሕዝቡ አማው።
ከወንድሙ ልጅ ጋር ስለ አንድ ወፍጮ ተካሰሰ፤ ተረታ፤ ከፈለ።
ልጁን ሲድር አለቀሰ፤ ደግሞ ሳቀ፤
ደግሞ ጠጥቶ ተንከባለለ።
ኋላ ላይ ጀግና አልነበረም። ዙፋን የጠበቀን ሰው
ዙፋኑም መልሶ ይጠብቀዋል፣ እንደ እስረኛ ነው።

ደግሞም ባላንጣው ከነፈረንሳይኛው ስለተመለሰ፣
የእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት ከሳ፣ በግማሽ አነሰ፤
መምህር ገብረየስ ሰሌዳ ላይ የሚደረድሩት፣
ሆሄው የሚያደናቅፍ፣ በማስመሪያ የሚያስገርፈን ቃላት
አንዱም አልተወለደም!
ለዚህ ብቻ እንኳ ይንገሥ አልኩት።

ፈተና መጣ። «የንጉሡ መጨረሻ እንዴት ሆነ?» ይላል።
ጻፍኩ፦ «አርጅቶ፣ አልጋው ላይ፣
ዘውዱ ራስጌው ካለ ችንካር ተንጠልጥሎ፣ ሞቷል።»
በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረጉበት።
«ከየት አመጣኸው?»
«ከተቀደደው፣ ቲቸር።»
ክፍሉ ሳቀ።

ይኸው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ያው ቀይ ኤክስ፣ በቀለም፣
አቶ ልሳኑ በር ላይ ተሥሏል። «ከየት አመጣችሁት?» ያለ የለም።
መጽሐፎቹን በማዳበሪያ እያሰረ አስፋልቱ ዳር ይደረድራል፤
«እስከ ማክሰኞ ብለውኛል፣ ዛሬ ምንድን ነው?» ይለኛል።
ማክሰኞ መሆኑን ያውቃል።

ቢጫው እስካቫተር ክንዱን ከጣሪያው በላይ አንስቷል፤
ግን ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቷል፤
ወርዶ፣ የፈረሰ አጥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣
ከዘርፌ የገዛውን ቆሎ ይቆረጥማል፣ እግሩን አምቦጦ።
(ዘርፌ አርጅታለች። ብሩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ነው የምትቆጥር።)
መጠቅለያው ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል አየሁ፤
አንገቴን አላሰገግኩም ለመመርመር።

አቶ ልሳኑ ሌላ ማዳበሪያ አሰረ።
ክንዱ ከጣሪያው በላይ ቆሟል።
ሾፌሩ፣ ቀስ ብሎ የሚበላ ሰው ነው፣
ገና ግማሽ ጥቅልል ይቀረዋል።