የይርሳው ድርሻ

አምስት ሆነን ፈረምን፣ ከብድር ቤቱ ጠረጴዛ፣
አንድ የጀልባ ሞተር፣ ሁለት መረብ፣ የበረዶ ሳጥን ልንገዛ።
ጸሐፊው አነበበልን፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ እየፈጠነ፣
«አንዱ ባይከፍል…» ሲል፣ ጆሮዬ ወደ ዓሣው ገበያ ባከነ።
ይርሳው አጠገቤ ነበር፣ አውራ ጣቱ በቀለም ጠቁሮ፤
«የዝቤ፣ አንቺ እያለሽ ማን ይነካኛል» አለኝ፣ ግማሽ ስቆ፣ ግማሽ አፍሮ።

ሦስት ወር ከፈለ። በአራተኛው ዓሣው ሸሸ፣ እሱም ሸሸ፤
ሞተሩን ጎርጎራ ሸጠው አሉ፤ ገንዘቡም እዚያው አመሸ።
ስሙን ማን አወጣለት? ይርሳው! እሱስ በእርግጥ ረሳው፤
የመዝገቡ ወለድ ግን፣ ወር በመጣ ቁጥር ስሙን አነሳው።

ድርሻውን ለአራት ቆረስነው። አዝመራው ጥጃውን ሸጠ፤
ለጣራዬ ቆርቆሮ ያኖርኩት፣ ከመቀነቴ አመለጠ።
ክረምቱን ከአልጋዬ ሥር ባልዲ ስደቅን ከረምኩ።

ሚስቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ቋጠሮ ፈትታ፣ ሃምሳ ብር።
ዓይኔን አታይም።

ቁጣዬ በእሱ ነበር። ኋላ ልጄ ውሉን አወጣችና አነበበችው፤
«በአንድነትና በነጠላ» ይላል። ነጠላ እኔ የማውቀው
ትከሻዬ ላይ ያለውን ነው፣ አምባዛ ሲሸት በሎሚ የማጥበው።
ከቃሉ ሥር የማንም አይደለም፤ የራሴ አውራ ጣት ነው።

ዛሬ «እትዬ፣ ዋስ ሁኚኝ» አለኝ፣ ባጃጅ ሊገዛ የወንድሜ ልጅ፤
ቀረሶ እየፋቅሁ ነበር። ዱካ ሳብኩለት፣ ቅርፊት በለበሰ እጅ።
«አንብብ፤ ቀስ በል፤ ፀሐይዋ ዘጌ ላይ ገና ናት፤
ነጠላ የምትል ቃል ጋ ስትደርስ፣ ቁም፤ ሁለት ጊዜ በላት።»