የጎደለ ዕዳ

ደብተሬ ባለ ሠላሳ ሁለት ቅጠል ነው፤ ከልጄ ትምህርት የተረፈ ትርፍ፣
ከፊት እሱ ክፍልፋይ ሠርቶበት፣ ከኋላ እኔ የምጽፍ።

ዘይት፦ በብርጭቆ። ሽንኩርት፦ በኪሎ ሳይሆን በቁጥር፣
አሸዋ ሲመሽ፣ ሻጭ ሲደክማት፣ ለክርክር ጉልበት ሲያጥር።
ሳሙና፦ ለሁለት የተቆረጠ፤ ግማሹ ቁምሳጥን የሚተኛ።
ካርድ፦ የለም። ደዋዮቹ እነሱ፣ ሚስኮል አድራጊዎቹ እኛ።
ፋን፦ ልጆቹ እስኪተኙ። ከዚያ ገመዱን እነቅላለሁ፣
የድሬን ሌሊት በእርጥብ ሻሽ፣ በግንባሬ እችላለሁ።

ይሄን እዚህ አገር ማውራት ነውር ነው፤ ድሬ ብር አይቆጥርም፣
«አቦ ተዪው!» ይባላል፤ መልስ ለመጠበቅ ማንም አይደፍርም።
እኔ እቆማለሁ። ባጃጁ ሞተሩን እያንተረተረ፣
«ዝርዝር የለኝም እናቴ» ሲለኝ፣ እጄ እንደተዘረጋ ቀረ።
አዎ፣ ሁለት ብር ነው። ሁለት ብር፣ ሁለት ብር ነበረ
ወር ሲሞላ እርሳስና ላጲስ ሆኖ ቤቴ ያደረ።

አብዶሽ ሱቅ ሌላ ደብተር አለ፤ ጠርዙ በዘይት የወዛ፣
ስሜ ገጽ አርባ ሁለት ላይ፣ በየሳምንቱ የሚበዛ።
ጥቅምት ላይ አንድ ነገር አየሁ፦ የሱና የኔ አልገጠመ፣
እኔ ዘንድ ሁለት ሺህ መቶ፣
እሱ ዘንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ላይ ቆመ።
ዝም አልኩ።
በኅዳርም ጎደለ። ዝም አልኩ።
በታኅሣሥ፣ ስኳር ሲመዝንልኝ፣ ዓይኑን ማየት አቃተኝ፣
ሰባት መቶ ሰማንያ ብር ጉሮሮዬ ላይ ቆመብኝ።
ተሳስቷል አልኩ በልቤ፤
የሰው ስሕተት እንደ ሳሙና፣ ቆርጬ፣ ደብቄ፣ ቆጥቤ።

ዓርብ ዕለት፣ ለጁምዓ ሳይዘጋ፣ ፊቱ ደብተሬን ዘረጋሁ፣
«ሒሳብህ ተሳስቷል አብዶሽ፤ ሦስት ወር ዝም ብዬ እያየሁ…»
ሳቀ። እስክርቢቶውን ከጆሮው ጀርባ መዘዘ፣
«ወላሂ የኔ ሒሳብ አይስትም! ወንድይፍራው ነው፣
ማታ ማታ ሲያልፍ፣ አሥር አሥር ብር እያስያዘ።
አትንገራት ብሎኝ ነበር።
ይኸው ነገርኩሽ።»

ባጃጅ፦ አሥር ብር። እኔ በየማታው የጻፍኩለት፣
ከሳቢያን መመለሻ ብዬ፣ ጠዋት ጠዋት የቆጠርኩለት።
በእግሩ ነው ለካ የሚመጣው፤ ከዛፍ ጥላ ወደ ዛፍ ጥላ፣
ከዚራን አልፎ የደቻቱን አሸዋ፣ ፀሐይዋን ጥሎ ከኋላ።
«ባጃጁ ውስጥ ተፋፍነን መጣን» ይለኝ ነበር ላቡን ሲጠርግ፣
እኔም ሾፌሮቹን ስረግም፣ ትከሻው ላይ እርጥብ ፎጣ ሳደርግ።

ያን ማታ፣ ሲተኛ፣ ጫማውን ገለበጥኩት።
ሶሉ አልቋል፤ ከውስጥ በካርቶን ተደግፏል፣
የሳሙናዬ ካርቶን ነው፤ ዋጋው በኔ እጅ ተጽፏል።

በማግስቱ ሸበጥ አድርጎ ሄደ። እኔ መጋላ ወረድኩ።
ጫማ ሰፊው አገላብጦ፣ በጣቱ ቀዳዳውን ለካ፣
«ይሄ ሰውዬ ጅቡቲ ድረስ በእግሩ ይመላለሳል እንዴ ለካ?»
ስምንት መቶ አለ። ማልኩ፣ ለመንኩ፣ ልሄድ ተነሣሁ፣ ተመለስኩ፣
በሰባት መቶ ሃምሳ ከሻይ ቅጠል ቆርቆሮዬ ላይ ቀነስኩ።

ሦስት ወር ተራምዶ ያተረፈልን፣ ሲደመር ሲቀነስ፣ ሠላሳ ብር።
ለመሄጃዬ አሥር፣ ለሁለታችን መመለሻ ሃያ፤
ሳቢያን በር ላይ ጠበቅሁት፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ ጫማውን ይዤ በጉያ።

ባጃጁ ውስጥ ምንም አላለም። ወንዙን ስንሻገር
ጣቱን በአዲሱ ሶል ላይ አመላለሰ፣ እንደሚነካ የሰው ጠጉር።
«ስንት አስከፈለሽ?» አለኝ።
«አራት መቶ።»
«ርካሽ ነው» አለ፤ ፊቱን ወደ ውጭ መልሶ።

ማታ ፋኑን አልነቀልኩም። ደብተሬን ገለጥኩ፣
«ሶል፦ አራት መቶ» ብዬ፣
አሳምሬ ጻፍኩ።