የኖራው መስመር

መጀመሪያማ እዚህ የአዘዞ በቅሎ ይሸጥ ነበረ፤
ጣሊያን ደለደለው፣ ወታደር ሰፈረ፤
ደርግ መፈክር ዘራ፣ ጉሮሯችን ነቃ፤
ሣር የሚባል አልቆ ሜዳው ሆነ ጭቃ።

ኳስ የገባው ኋላ ነው።
ጋሽ ጥጋቡ አንድ ሌሊት ሲባጎውን ይዞ፣
ኖራውን በጣሳ በውሃ በርዞ፣
በእግሩ እየሰፈረ ወሰኑን ቀየሰ፤
አንዱ ማዕዘን ብቻ ሁለት ክንድ አነሰ።
ጎንደር የመጣ ቡድን ሁሉ ሲከስሰው፣
«እግሬ አይዋሽም» ነበር የሚመልሰው።

መታጠቢያ ቤት አለን፤ ቧንቧው ግን ያፏጫል፣
ከዳኛው ፊሽካ ጋር አንዳንዴ ይምታታል።
ደረጃው የቀሐ ጥቁር ድንጋይ፣ በጋ የሚጠብስ፤
ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ፣ ክረምት የሚያለቅስ።
ቲኬት ያጣ ሁሉ ባሕር ዛፍ ላይ ይወጣል፤
ጎል ሲገባ ቀድሞ ዛፉ ይወዛወዛል።
ሰሌዳው ላይ ደግሞ ቁጥሩ እስከ አራት ነው፤
«አምስት ማን አግብቶ!» ብሎ ነበር አናጢው።

አንድ የሐምሌ እሑድ፣ የደባርቅ ልጆች መጥተው፣
አምስተኛዋ ገባች፤ መረቡን በጭቃ ቀብታው።
አናጢው አንገቱን ደፋ። ዛፉ ጮኸ።
ጋሽ ጥጋቡ መሰላል ላይ ወጥቶ
በጣቱ፣ በኖራ፣ አምስትን ጻፈ፤
ፊሽካው ሳይነፋ ዝናቡ አጥቦት አለፈ።
ደባርቆች ዛሬም «አራት ነው» ይላሉ።

አሁን ሲባጎው እኔ እጅ ነው።
ትናንት በሜትር ለካሁ፤ እውነትም ሁለት ክንድ ይጎድላል።
ሰው አልነበረም፤ ማቃናት እችል ነበር።
ካስማውን መልሼ እዚያው፣ ቀዳዳው ውስጥ ተከልኩት።
ኖራው በጣቴ ስንጥቅ ገብቶ
እስከ ማታ አቃጠለኝ።