ግራ ጆሮ

ከዚራ ላይ ነው ሥራዬ፣ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት፣
ጠረጴዛዬ ጥግ ነው፣ መስኮቱ ያለበት።
ግንቦት ሙቀቱ ሲብስ፣ ቀዩ ዛፍ ሲያብብ ከደጅ፣
አበባው ይረግፋል በባል፣ በሚስት፣ መሀል በቆመው ልጅ።
«ጋብቻው ፈርሷል» ብዬ፣ በቀን ሦስት አራቴ
እጽፋለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ፤ ይኸው ነው ሕይወቴ።

እሑድ ግን ዲያቆን ነኝ፤ ልብሰ ተክህኖ ለብሼ፣
ከመቅደሱ ደጃፍ ቆሜ፣ ድምፄን አለስልሼ፣
ሐዋርያው ስለ ጋብቻ ያዘዘበትን ክፍል
አነባለሁ፤ አንድ ፊደል ሳልዘል፣ ሳላጎድል።
ስድስት ቀን የቀደድኩትን በሰባተኛው ሰፍቼ
እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር፣ ሁለቱንም ረስቼ።

ትርሲት ታናሼ ናት፤ በተክሊል የዳርኳት፣
ስትቆርብ አጠገቧ ቆሜ፣ ጧፍ ይዤ የሸኘኋት።
ባሏ መንገሻ ባቡር ጥገና ነው፤ እጁ ብረት የለመደ፣
ጥርሱ ነጭ፣ ሳቁ ደግ፣ ሰፈር ሁሉ የወደደ።

አንድ ሌሊት መጣች፣ ደቻቱን በእግሯ አቋርጣ፣
አሸዋው አንዱን ጫማ ውጦት፣ ባንዱ አምልጣ።
ግራ ጆሮዋን ይዛለች፤ በጣቶቿ መሀል
የሚወርደውን አየሁት። ዝም አልኩ። ምን ይባላል?

ተባለ እንጂ። ሽማግሌ መጣ፣ መምሬ ልሳኑም መጡ፤
«ይህ ሰማንያ አይደለም፣ አይቀደድም» ብለው ተቆጡ።
ያ የማነበው ክፍል ከአፋቸው ሲወጣ ሰማሁ፤
ቃሉ ልክ ነው፤ ያኔም ዛሬም፣ እሱን መች አማሁ?
እኔው ክንዷን ይዤ፣ ንጋት ላይ፣ በባጃጅ መለስኳት፤
በሩን አንኳኩቼ፣ «በይ ግቢ» ብዬ ሰጠኋት።
መንገሻ አለቀሰ፤ ጉልበቴን ስሞ ማረኝ አለ፤
ደስ አለኝ፤ ቃሉ ተጠብቆ፣ ቤቱ እንደቆመ ዋለ።

ሁለተኛው ጊዜ ወደ እኔ አልመጣችም፤
በሬን ታውቀዋለች፤
አላንኳኳችም።
መጋላ፣ ቅመም ከምትሸጥ ከመኪያ ቤት ተጠጋች፤
መኪያ ጨው በጨርቅ አሙቃ፣ ጆሮዋ ላይ ይዛ አነጋች።
መኪያ ተክሊል አታውቅ፣ ስለ ቁርባን ያስተማራት የለም፤
«ወንድም የላትም?» አለች አሉ። መልስ የሰጣት የለም።

መምሬ ልሳኑ ያነበቡት ወንጌል የዚያን ዕለት
ሙሴ ስለ ምን እንደ ፈቀደ ነበር የፍቺውን ጽሕፈት፤
ስለ ልብ ጥንካሬ። የባለጉዳዮቼ ልብ ይመስለኝ ነበር፤
ጧፍ ይዤ እንደ ቆምኩ የኔው ሆነ፤ ንጋት ላይ ያንኳኳ ያንን በር።

ማክሰኞ መዝገቧ መጣ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ፤
ስሟን፣ ያባታችንን ስም፣ ይኸው እጄ ጻፈ።
ማኅተሙን መታሁ፤ አልታየም፤ ቀለሙ ደርቋል፤ ደገምኩ፤
ቃሉን በልቤ አልሻርኩም፤ እሷን ግን አልመልስም አልኩ።

ዛሬ እሑድ ነው፤ ያው ክፍል፣ ያው ተራ ደረሰኝ፤
በሴቶቹ በኩል ቆማ አየኋት፤ ጉሮሮዬን ያዘኝ።
አነበብኩ፤ አልዘለልኩም፤ እዚያ ታች፣ ስለ ሰላም
መጠራታችን ጋ ስደርስ፣ ድምፄ አልወጣም።
ትርሲት ራሷን ዘንበል አድርጋ አንድ ጆሮዋን ሰጠችኝ፤
የሚሰማውን ይሁን የማይሰማውን፣
ከርቀት አልታየኝ።